ነጠላው ነጣ፣ ፊታቸው ግን አመድ መሰለ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን፣ ከዓመታት በፊት ፎቶ ያስተማርኳት ልጅ ደወለችልኝ። እናቷ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ለአርባቸው የሚሆን ፎቶ አሳድጋ ልታሳትም ከድሮው አልበም አንዱን መርጣ አውጥታለች። "ጋሼ፣ ፎቶውን ላስተካክል ብዬ እማዬን አጠፋኋት" አለችኝ። ድምጿን ስሰማ ነገሩ የፎቶ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ሁለቱንም በቴሌግራም ላከችልኝ፤ የድሮውንም፣ እሷ ያስተካከለችውንም። የድሮው ከሠላሳ ዓመት በፊት ፎቶ ቤት ውስጥ የተነሳ ነው። እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ቡናማ መጋረጃ ፊት ተቀምጠዋል። እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ከለር ፎቶዎች ቀልቷል። ነጠላው ሮዝ መስሏል፤ ፊታቸው በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ልጅቱ ስልኳ ላይ ባለው ማስተካከያ "አውቶ" የሚለውን ነካች። ነጠላው ወዲያው ነጣ። መጋረጃው ግራጫ ሆነ። የእናቷ ፊት ግን አመድ መሰለ፤ ከንፈራቸውም የበረዳቸው ሰው ከንፈር ሆነ።

"ጋሼ፣ ነጠላው ነጭ ከሆነ ሌላው ራሱ ይስተካከላል ብለውን አልነበረም እንዴ?" አለችኝ።

ብዬ ነበር። እኔንም እንደዚያ ብለው ነው ያስተማሩኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። "ነጩን አስተካክል" የሚለው ትእዛዝ ከየት መጣ? ነጩስ ነጭ መሆኑን ማን ነው የሚፈርደው? ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው የዋይት ባላንስን ታሪክ ነው። በከፊል ታሪክ ነው፣ በከፊል ደግሞ የራሴን ትምህርት ማረሚያ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ከዓይናችን እንነሳ።

ነጠላ የለበሰች ሴት እኩለ ቀን ላይ ሜዳ ላይ ትቁም፤ ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ትግባ፤ ማታ ደግሞ አምፖል ሥር ትቀመጥ። ከነጠላው ተነስቶ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው ብርሃን በሦስቱም ቦታ የተለያየ ነው። ጥላ ሥር ከሰማዩ የሚመጣው ሰማያዊ ያይላል፤ አምፖል ሥር ብርቱካናማው ያይላል። እኛ ግን ሦስቱንም ጊዜ "ነጭ ነጠላ" እንላለን። አእምሯችን የብርሃኑን ቀለም ቀንሶ የጨርቁን ያስቀርልናል። ይህን የሚያደርገው ሳናዝዘው ስለሆነ መኖሩንም አናውቅም።

ጋስፓር ሞንዥ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ በ1789 ፓሪስ በሚገኘው የሳይንስ አካዳሚ ለባልደረቦቹ ይህን በአንድ ቀላል ሙከራ አሳያቸው። ፊት ለፊት ባለ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ቀይ ወረቀት አሰቀለና በቀይ መስታወት እንዲያዩት አደረገ። ቀይ ነገር በቀይ መስታወት ሲታይ ይብሱን ይቀላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ወረቀቱ ግን ነጣ ብሎ ታያቸው። በመስታወቱ በኩል ሁሉም ነገር ሲቀላ፣ ዓይን ቅላቱን የብርሃኑ ጠባይ አድርጎ ቀነሰው። ቀዩ ወረቀት ከነጩ የሚለይበት ነገር ስላልቀረ እሱም ነጭ መሰለ። ልብ በሉ፤ ዓይናችን ነጩን የሚያገኘው ለክቶ አይደለም፤ አካባቢውን አይቶ ገምቶ ነው። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ አንዳንዴ ግን ይሳሳታል።

ካሜራ ይህን አያውቅም። የመጣለትን ብርሃን እንዳለ ይቀበላል። እሱም ቢሆን በደንብ ከተቀበለ ነው።

በ1861 ለንደን ውስጥ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የመጀመሪያው ሊባል የሚችለውን የከለር ፎቶ በሕዝብ ፊት አሳየ። የስኮትላንድ ባለ ጥልፍልፍ ቀለም ጥብጣብ ነበር። ቶማስ ሰተን የተባለ ፎቶ አንሺ ጥብጣቡን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ለየብቻ አነሳው፤ ሦስቱ ምስሎች በየራሳቸው ቀለም ብርሃን አንድ ግድግዳ ላይ ሲደራረቡ ባለ ቀለም ጥብጣብ ብቅ አለ። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። የዚያን ዘመን የፎቶ ኬሚካል ቀይ ብርሃንን ጨርሶ አያይም ነበር ማለት ይቻላል። ታዲያ ቀዩ ከየት መጣ? መልሱ የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ራልፍ ኢቫንስ የተባለ የኮዳክ ተመራማሪ በ1961 እንዳሳየው፣ ቀዩ ጨርቅ ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃንም ያንጸባርቅ ነበር፤ ያ ብርሃን ደግሞ በቀዩ ማጣሪያ አልፎ ገባ። የመጀመሪያው የከለር ፎቶ ቀይ፣ ቀይ አልነበረም ማለት ነው። እንደ አጋጣሚ ቀይ መሰለ። ኢቫንስ የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ ቆይተን እንገናኘዋለን።

ኮዳክሮም ፊልም በ1935 ገበያ ላይ ሲወጣ ጉዳዩ የላብራቶሪ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ፊልሙ እንደ ዓይን አይገምትም። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ አስቀድሞ መወሰን ነበረበት፤ "ነጭ የምንለው በየትኛው ብርሃን ነው?" ብሎ። መልሱ ሁለት ዓይነት ፊልም ሆነ፤ አንዱ ለፀሐይ፣ አንዱ ለአምፖል። የፀሐዩን ፊልም አምፖል ሥር ካነሳችሁበት ሁሉም ነገር ብርቱካን ይሆናል። የአምፖሉን ፊልም ደጅ ካወጣችሁት ዓለሙ ሰማያዊ ይሆናል። ያንን ለማስተካከል ሌንሱ ላይ ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ማጣሪያ ይገጠም ነበር። ያስተማርኳችሁ ልጆች "ዴይላይት" እና "ተንግስተን" የሚሉት ምልክቶች ካሜራችሁ ላይ ለምን እንዳሉ አሁን ገባችሁ። የፊልም ዘመን ቅርስ ናቸው።

ብርሃኑ የሚለካበት ቁጥርም ከዚያው ዓለም የመጣ ነው። ብረት ሠሪ አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ብረቱ እሳት ውስጥ ሲቆይ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ይብስ ቢግል ወደ ነጭ ይጠጋል። ከዚያም አልፎ መጋል ቢችል ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ስለዚህ የብርሃንን ቀለም በሙቀት መጠን መጥራት ተቻለ። መለኪያው ኬልቪን ነው፤ በ1848 ይህን የሙቀት ሚዛን ካቀረበው ከዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን ከተባለው ሰው የመጣ ስም። ሻማ ወደ 1900 ኬልቪን ነው፤ የድሮው አምፖል ወደ 2800፤ የቀትር ፀሐይ ወደ 5500፤ ጥላ ሥር ያለው የሰማይ ብርሃን ከ7000 በላይ ይሄዳል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያደናግራቸው ነገር፣ ካሜራው ላይ ቁጥሩን ከፍ ሲያደርጉ ፎቶው የሚሞቀው ለምንድን ነው የሚለው ነው። ቁጥሩ ለካሜራው የምትነግሩት ወሬ ነው፤ "ብርሃኑ ሰማያዊ ነው" ስትሉት እሱ ለማካካስ ቢጫ ይጨምራል።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የፊዚክስ ነው፤ ማንም አልተበደለም። ነገሩ የሰው ጉዳይ የሚሆነው ፎቶው ሲታተም ነው።

ኔጋቲቭ ፊልም ሲመጣ የቀለሙ ውሳኔ ከካሜራው ወደ ላቡ ተዛወረ። ላቡ ደግሞ በቀን በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ማተም አለበት። እያንዳንዱን ቁጭ ብሎ የሚመረምር ሰው ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ያ ራልፍ ኢቫንስ ተመልሶ ይመጣል። በ1940ዎቹ ያቀረበው ሐሳብ ቀላልና ብልህ ነበር። ማንኛውም ተራ ፎቶ ውስጥ ያሉት ቀለሞች ሁሉ ቢደባለቁ፣ ሰማዩም፣ ሣሩም፣ ልብሱም፣ ግድግዳው፣ ድምሩ ወደ ግራጫ ይጠጋል አለ። እንግዲያው ማሽኑ የፎቶውን አማካይ ቀለም ለክቶ ግራጫ እስኪሆን ድረስ ያስተካክለው። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ዛሬም ስልካችሁ ውስጥ ላለው "አውቶ" ቅድመ አያቱ ይህ ነው።

መቼ ነው የማይሠራው? ፎቶውን አንድ ቀለም ሲሞላው። ሣር ሜዳ ላይ የተኛ ልጅ አንሱ፤ ማሽኑ "አረንጓዴው በዝቷል" ብሎ ማጄንታ ይጨምርና ልጁ ሮዝ ይሆናል። አሁን ደግሞ ጠይም ፊት ቡናማ መጋረጃ ፊት አስቀምጡ። የፎቶው አማካይ ቀለም ቡናማ ነው። ማሽኑ ግን ቡናማ ሰው መኖሩን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው "ይህ ፎቶ ግራጫ መሆን ሲገባው ብርቱካናማው በዝቶበታል" የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ይጨምራል። ቡናማውና ሰማያዊው ሲጣፉ የሚቀረው ምንድን ነው? አመድ።

የሙያው ሰዎች ለዚህ ስህተት ያወጡለት ስም "ሰብጀክት ፌይለር" ይባላል። በአማርኛ ስንመልሰው "የተነሺው ጉድለት" እንደማለት ነው። ስሙን ሳየው ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ ፈገግታው ግን ደስ የሚል አይደለም። የተሳሳተው ማሽኑ ነው፤ ጉድለቱ የተጻፈው በተነሺው ስም ነው።

ማሽኑ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ነበር። ያ ሰውስ በምን ያርማል? በማመሳከሪያ ካርድ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኮዳክ ለላቦች የሚልከው ካርድ ላይ አንዲት ነጭ ሴት በደማቅ ልብስ ተነስታለች። የመጀመሪያዋ ሸርሊ ፔጅ የተባለች የኩባንያው ሠራተኛ ስለነበረች፣ ከእሷ በኋላ ሴቶቹ ቢቀያየሩም ካርዱ "የሸርሊ ካርድ" እየተባለ ቀረ። የላቡ ሠራተኛ ካርዱን ያትማል፤ የሸርሊ ቆዳ ልክ ከመጣ ማሽኑ ልክ ነው። የቀሩት ደንበኞች ሁሉ በእሷ ሚዛን ይታተማሉ።

እኔም እዚያ ቦታ ቆሜያለሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ማስተማር ከመጀመሬ በፊት፣ አንድ ፎቶ ቤት ላብ ውስጥ ሠርቻለሁ። ማሽኑ ላይ ሲያን፣ ማጄንታ፣ ቢጫና ዴንሲቲ የሚሉ ቁልፎች ነበሩ። ግድግዳው ላይ አንዲት ፈረንጅ የምትስቅበት ካርድ ተለጥፏል። ማን እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም፤ ማስታወቂያ መስላኝ ነበር። ሥራውን ያሳየኝ ሰው ግን ካርዱን አይጠቀምም። "እሷን ተዋት። ለእኛ ሰው ነጠላውን እይ፤ ነጠላው ከነጣ ፎቶው አለቀ" አለኝ።

ጥሩ ምክር ይመስላል። ብልሃትም አለበት፤ የፈረንጇን ፊት በራሳችን ጨርቅ መተካት ነው። በሠርግ ወቅት በቀን አምስት መቶ ስድስት መቶ ፎቶ ሳሳልፍ በዚህ ምክር ነው የሠራሁት። ነጠላ፣ ቬሎ፣ ሸሚዝ፤ ነጭ ነገር ፈልግ፣ አንጣ፣ እለፍ። ፊቱን የማየው ጨልሟል ወይስ ፈክቷል ለማለት ብቻ ነው። ጠይሙ ሰው ጠይም ሆኖ ወጥቷል ወይ፣ የቀይ ዳማዋስ የቀይ ዳማ ናት ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ቋንቋችን ለሰው መልክ ይህን ሁሉ ስም አለው፤ እኔ ቁልፉ ላይ ስቀመጥ ግን ነጭ የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ነበር የማስበው። ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ "ይህ እኔ ነኝ?" ሲለኝ "ፊልሙ ነው" እለው ነበር። ከእነዚያ ፎቶዎች መካከል ስንቱ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

"ፊልሙ ነው" ማለቴ ግማሹ እውነት ነበር። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳስነበበችው፣ ኮዳክ ቡናማ ቀለሞችን በደንብ የሚለይ ፊልም ለመሥራት የተነሳው መጀመሪያ የጥቁር ሰዎች ቅሬታ ገፍቶት አልነበረም። የተማረሩት ቸኮሌት አምራቾችና የቤት ዕቃ ሻጮች ነበሩ። ወተት ያለበት ቸኮሌትና ጥቁሩ ቸኮሌት ማስታወቂያ ላይ አንድ መሰሉ፤ የጣውላው ዓይነት አልለይ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ፊልሙ የተሻሻለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አንዲት ነጭ፣ አንዲት ጥቁርና አንዲት እስያዊት ሴት አንድ ላይ ያሉበት አዲስ ካርድ ወጣ። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሳቄም መጣ፣ ተናደድኩም። ፊታችን ልክ እንዲታይ ቸኮሌት አማላጅ ሆኖልናል።

ወደ ዲጂታሉ ዘመን እንለፍ። 1976 ሁለት ነገር ያስታውሰናል። በዚያ ዓመት የኮዳኩ ብራይስ ባየር ዛሬ አብዛኛው ካሜራና ስልክ ውስጥ ላለው የቀለም ማጣሪያ የባለቤትነት መብት አገኘ፤ ሴንሰሩ ላይ እንደ ዳማ ገበታ የተደረደሩ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ናቸው፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። በዚያው ዓመት ደግሞ "ከለር ቼከር" የተባለው ባለ 24 ቀለም ሰሌዳ ይፋ ሆነ። የዚያ ሰሌዳ የመጀመሪያው ቀለም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጠቆር ያለ የሰው ቆዳ ነው። ሁለተኛው ፈካ ያለ ቆዳ ነው። የታችኛው ረድፍ ከነጭ እስከ ጥቁር ያሉ ግራጫዎች ናቸው። የመለኪያ ሰዎች ሲሠሩት ከሁለቱም ዓይነት ሰው ጀመሩ። ትክክለኛው መንገድ ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ገበያው ግን የመረጠው ፈጣኑን ነው።

ዲጂታል ካሜራ ዋይት ባላንስ የሚሠራው ሦስቱን ቀለሞች በየራሳቸው ቁጥር በማባዛት ነው። ቀይ ካነሰ በሚበልጥ ቁጥር ይባዛል፤ ሰማያዊ ከበዛ በሚያንስ። ሐሳቡ የጀርመኑ ዮሃንስ ፎን ክሪስ ነው፤ ዓይናችን ከብርሃን ጋር የሚላመደው እንዲህ ነው ብሎ በ1902 ጽፏል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ቁጥሮቹን መምረጥ ነው፤ ለመምረጥ ደግሞ ብርሃኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ካሜራው ያለው ፎቶው ብቻ ነው። ስለዚህ ይገምታል። የድሮው ግምት ኢቫንስ እንዳለው "አማካዩ ግራጫ ነው" የሚለው ነበር፤ ሌላው "በጣም የደመቀው ነገር ነጭ ነው" የሚለው ነው። የአሁኖቹ ስልኮች በብዙ ፎቶ የሠለጠኑ ናቸው፤ ግምታቸው በጣም ተሻሽሏል። የሚገምቱት ግን ባዩት ፎቶ ልክ ነው። ጎግል በ2021 ፒክስል 6 የተባለውን ስልኩን ሲያወጣ "ሪያል ቶን" ብሎ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ፎቶ ላይ አውቶ ዋይት ባላንሱንና የብርሃን መጠኑን ለይቶ እንደሠራበት አስታወቀ። መልካም ነው። ከኮዳክሮም እስከዚያ ግን 86 ዓመት አለፈ።

አሁን ወደ ልጅቱ ፎቶ ልመለስ።

በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። አክስቷም ነበሩ፤ የሟች ታናሽ እህት። ፎቶው ላይ የደረሰው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው የዘመን ነው። የከለር ፎቶ ወረቀት ላይ ሲያን፣ ማጄንታና ቢጫ የሚባሉ ሦስት ቀለሞች አሉ። አልበም ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ሲቀመጡ፣ በዚያ ዘመን ወረቀቶች ላይ ቶሎ የሚደክመው ሲያኑ ነው። ሲያኑ ሲሄድ ቀዩ ይወጣል። ይህ ከዋይት ባላንስ ይለያል፤ ጥቁሩ ቦታ ላይ ያለው ጉዳት ነጩ ቦታ ላይ ካለው ጋር እኩል አይደለም። በአንድ ቁጥር ብታባዙት አንዱ ሲድን ሌላው ይታመማል። ሁለተኛው የአውቶው ግምት ነው። ቡናማ መጋረጃ፣ ጠይም ፊት፣ ሲያኑ የጠፋ ወረቀት፤ ድምሩን አስቡት። ቀዩን በኃይል ገፍቶ አውጥቶታል። ነጠላው ነጣ ያልነው እንኳ ቀርበን ስናየው ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ዓይናችን ነው "ነጭ" ብሎ ያሳለፈው። ሞንዥ ቢያየን ይስቅ ነበር።

መጀመሪያ ፎቶውን እንደገና አነሳነው። እሷ ማታ አምፖል ሥር በስልክ ነበር ያነሳችው፤ ያ ራሱ ሌላ ቀለም ደርቦበታል። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ፣ አምፖሉን አጥፍተን፣ ከጎኑ ግሬይ ካርድ አስቀምጠን በሮው አነሳነው። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ ይዤ፣ ከጥቁሩ ጀመርኩ። የእናቷ ፀጉር ጥቁር ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ዝገት መስሏል። እሱን ጥቁር እስኪሆን አወረድኩት። ከዚያ መሃሉ ቀረ። መሃሉ ማለት ፊታቸው ነው።

እዚህ ላይ ቆምኩ። እኔ ሴትዮዋን አላውቃቸውም። ምን ያህል ጠይም እንደነበሩ የሚነግረኝ ማሽን የለም።

"ነጠላው እኮ አለ" አሉ አክስቷ። ተነስተው ከሳጥን አወጡት። ያው ራሱ ነጠላ ነው፤ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ። ፎቶው አጠገብ ዘረጋነው። በዘመን ብዛት ትንሽ ወይቧል፤ ቢሆንም ድሮም የፈተሉት ጥጥ መሆኑ ያስታውቃል፤ ወተት እንጂ በረዶ አይመስልም። ነጩን ተውኩና ጥለቱን ያዝኩ። አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ወርቃማው ወርቃማ እስኪሆን ድረስ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ጥለቱ ልክ ሲመጣ ነጠላው ከነጭ ትንሽ ሞቅ ብሎ ቀረ። ፊታቸውም አብሮ መጣ። አመዱ ለቀቀ።

አክስቷን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ። "ትንሽ ጠቆር አድርገው" አሉ። አደረግኩ። "አሁን ከፀሐይ የገባች ቀን እንደዚህ ነበረች" አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። ልጅቱ ምንም አላለችም፤ እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች።

ያ ፎቶ በፊዚክስ ልክ ነው ብዬ አልምልም። የአክስት ትዝታም እንደ ነጠላው ሊወይብ ይችላል። ግን በአንድ ነገር እርግጠኛ ነኝ፤ ካስተካከልኳቸው ፎቶዎች ውስጥ ማመሳከሪያው ከተነሺዋ ቤት የወጣው ይህ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ያስተማርኳችሁ ሁሉ፣ "ነጠላውን አንጡ" ያልኳችሁን እንዲህ አርሙልኝ።

አንደኛ፣ ነጩን ጨርቅ በጭፍን አትመኑ። የእጅ ፈትል ጥጥ በተፈጥሮው ሞቅ ያለ ነው፤ እሱን ፍጹም ነጭ ካላችሁት ፊቱን ታቀዘቅዙታላችሁ። ብዙዎቹ የልብስ ሳሙና ዱቄቶች ደግሞ የሚያበራ ኬሚካል አላቸው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሰማያዊ ያፈልቃል። በእሱ ብታስተካክሉ ሁሉም ሰው ቢጫ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስታነሱ፣ ብርሃኑ የሸራውን ቀለም ይዞ ነው የሚገባው። ግሬይ ካርዱን ሰዎቹ ያሉበት ቦታ አስይዛችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። ደጅ ያነሳችሁት ካርድ ድንኳን ውስጥ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ በሮው አንሱ። ሮው ላይ ዋይት ባላንሱ እንደ ማስታወሻ ተለጥፎ የሚቀመጥ ነው፤ ነገ ትቀይሩታላችሁ። ጄፔግ ላይ ውሳኔው ተጋግሮ አልቋል።

አራተኛ፣ ፊቱን ሳታዩ አትጨርሱ። ሰውየው አጠገባችሁ ካለ እጁን ስክሪኑ አጠገብ ያድርግና አስተያዩ። ከሌለ የሚያውቀውን ሰው ጥሩ።

ድሮ ከእኔ ላብ አመድ ሆኖ የወጣ የቤተሰብ ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ኔጋቲቩን አትጣሉት። ኔጋቲቩ ውስጥ ያለው የእኔ ውሳኔ አይደለም። ይዛችሁት ኑ፤ እንደገና እናየዋለን፤ በነጻ ነው።

የልጅቱ እናት አርባ ቅዳሜ ነው። ፎቶው ታትሞ ተሰቅሏል። ነፍሳቸውን ይማርልን።